የባሽሙሃንዲሱ ኪቦርድ

ልጅቷ ከሱቁ ደጃፍ ቆማ፣ በጨርቅ የተለበጠ ረጅም ዕቃ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋ፣ «መርሻ ፒን የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። መርሻ የአንድ ደንበኛ ቻርጀር ፈትቶ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ ነበርና ቀና አላለም። ስሙን ሲሰማ ግን ሽቦውን ከነመዳቡ ነክሶ በጠሰው።

ካይሮ፣ ናስር ሲቲ ውስጥ ይህን ስም የማያውቅ ሐበሻ የለም። እሱን የሚያንገበግበው ደግሞ ስድብ መሆኑን አብዛኛው ሰው አለማወቁ ነው። የተጣመመ የመሰኪያ ፒን እያቃና፣ የሞተ ሪሞት እያስነሳ ስለሚኖር ስሙ ከሥራው የወጣ ይመስላቸዋል። ሸይኽ ዛይድ በሚባለው ሰፈር፣ በአጥር በተከበቡት ቪላዎች ተቀጥረው የሚሠሩት ሴቶች እንኳ በዕረፍት ቀናቸው የተሰበረ ስልክ ይዘው ሲመጡ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው «ጋሼ ፒን» ይሉታል። ስድብን በትሕትና ሲያቀርቡልህ ምን ትመልሳለህ? ዋጥ ነው የሚያደርገው። ሲውጥ የኖረው ግን አልተፈጨለትም።

«ነኝ። ምን ነበር?» አላት።

ናርዶስ እባላለሁ አለችው። አባቷ እንደታመመ፣ ኪቦርዱ የእሱ እንደሆነ፣ መሰኪያው የድሮ በመሆኑ ከአዲሱ ላፕቶፕ ጋር የሚያገናኝ አዳፕተር እንደምትፈልግ ባንድ ትንፋሽ አወረደችለት። አማርኛዋ እዚሁ ካይሮ ተወልደው ያደጉ ልጆች አማርኛ ነው፤ ቃል ባጠራት ቁጥር «ያዕኒ» ብላ ትሻገራለች። ዕቃውን ባንኮኒው ላይ አጋደመችው። ወፍራም፣ ከባድ ኪቦርድ ነው። ቁልፎቹ ብቻ እስኪቀሩ ድረስ ሰማያዊ ጨርቅ ለብሷል፤ ጨርቁ ከሥሩ ጭምር ድፍን ተደርጎ ተሰፍቷል፣ ጠርዙ ላይ ትናንሽ መስቀሎች ተጠልፈውበታል። ዳዊት እንጂ ኪቦርድ አይመስልም። ከጀርባው የተጠቀለለ ወፍራም ሽቦ ወጥቶ፣ ጫፉ ላይ የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ክብ መሰኪያ አለ፤ በውስጡ አምስት ፒን።

መርሻ ያንን ክብ አፍ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ።

«አባትሽ ማነው?»

«ኢንጂነር ደምሴ። ድሮ ለሐበሾች ኮምፒውተር ያስተምር ነበር። ያውቁታል?»

ያውቀዋል ወይ ትለዋለች።

ነገሩ የሆነው መርሻ ካይሮ በገባ በዓመቱ ነው። ቀን ቀን መኪና ያጥባል። ከስድስተኛ ክፍል ጥሎ የወጣ ሰው ነውና፣ የሐበሾቹ ማኅበር ኮምፒውተር በነፃ ያስተምራል ሲባል ሰማይ የተከፈተለት መሰለው። ያለችውን አንዲት ኮት ለብሶ፣ ጥፍሩ ሥር የገባውን ጥቁር ዘይት በሎሚ ፈትጎ ሄደ። ትምህርቱ ገና ሳይሞቅ ደምሴ ከሁሉም መሃል እሱን ጠራና ኪቦርዱን ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሰካው አለው። ጎማ መፍታት የለመደ እጅ ነው፤ መሰኪያውን አዙሮ ገፋው። እንቢ ሲለው ጨምሮ ገፋው። ፒኖቹ ተጣመሙ። ደምሴ መሰኪያውን ነቀለና እንደ ሌባ እጅ ከፍ አድርጎ ይዞ ለክፍሉ ሁሉ አሳየ። ኮምፒውተር የሚፈልገው ጭንቅላት ነው አለ። ይሄ ሰውዬ ወደ መኪና ማጠቡ ቢመለስ ለእኛም ለእሱም ዕረፍት ነው፣ ፒን የማይለይ ሰው ምን ብዬ ላስተምር አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያልሳቀ አንድ ሰው ብቻ ነበር። የደምሴ ሚስት፣ ወለተ ሥላሴ፣ ጥግ ላይ ለተማሪዎቹ ሻይ የምትቀዳው። መርሻ ኮቱን ወንበር ላይ ረስቶ ሲወጣ እስከ ደረጃው ግርጌ ተከትላው ወረደች። የኮቱን ትከሻ አራግፋ ሰጠችውና ተመለሰች።

ከዚያ ቀን ወዲህ «ፒን» ሆኖ ቀረ። በእልህ፣ ማንም ሳያስተምረው፣ ፒን ያለውን ነገር ሁሉ እየፈታና እየገጠመ ለመደ። የለመደው ሙያ እንጀራ ቢሆነውም ንዴቱን አላበረደለትም። ወለተ ሥላሴ ባረፈች ጊዜ እንኳ ለቅሶ አልደረሰም፤ ደምሴን እጁን ጨብጦ «እግዚአብሔር ያጽናህ» ማለት ከጉሮሮው አልወጣ አለው።

«በስም አውቀዋለሁ» አላት ልጅቷን።

«ከፋሲካ ወዲህ ድምፁን ሰምቼ አላውቅም» አለችው። ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ቀኝ እጁንና ምላሱን ወስዶበታል። ሐኪሙ አእምሮው ሙሉ ነው ብሏታል። የቀረው ግራ እጁ ግን ይንቀጠቀጣል። ስልክ ብትሰጠው መስተዋቱ የጣቱን መንዘፍዘፍ ሁሉ ፊደል እያደረገ ይቆጥርበታል፤ የላፕቶፑም ስስ ቁልፍ ያው ነው። ይሄ የድሮው ቁልፉ ጠንካራ ነው፤ አጥብቀው ካልተጫኑት ንቅንቅ አይልም፣ የሚንቀጠቀጥን ጣት ይታገሣል። «ያዕኒ፣ አባዬ ውስጥ ነው ያለው ጋሼ። በር ነው ያጣው» አለች።

መርሻ «አዳፕተር የለም፣ ኸላስ፣ አለቀ» ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ቃሉ ምላሱ ላይ ደርሶ ሌላ ሐሳብ መጣበት። ያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረደው አፍ ተዘግቷል። መክፈቻው ደግሞ ዞሮ ዞሮ የእሱ ባንኮኒ ላይ ተጋድሟል። የሚከፍተው እሱ ከሆነ፣ ከዚያ አፍ የሚወጣው የመጀመሪያ ቃል የእሱ ነው፣ የማንም አይደለም። «በድዬሃለሁ»። ይህችን ቃል በፊደል ተጽፋ በዓይኑ ማየት ፈለገ። ሌላ ምንም አልፈለገም፤ ዋጋ እንኳ አልነገራትም።

«እዚህ አልሠራውም» አላት። «አባትሽ ባለበት፣ ዓይኑ እያየ ነው የምሠራው።»

ልጅቷ ደግነት መሰላት፤ መረቀችው።

በነጋታው መሣሪያውን በላስቲክ አንጠልጥሎ ሄደ። የሕንፃው ዘበኛ፣ በዋቡ፣ ከወንበሩ ሳይነሳ ወዴት ነህ አለው። ደምሴ ቤት ሲለው፣ «ባሽሙሃንዲሱ ጋ» ብሎ አረመው። ግብፆች የተማረውን ሁሉ ባሽሙሃንዲስ ይሉታል፤ በእጁ የሚያድረውን ደግሞ ኡስታ። «በኋላ ደረጃ ውጣ ያ ኡስታ፤ ዕቃ የያዘ ሰው አሳንሰር አይገባም» አለው። ዕቃ የተባለችው የላስቲክ ከረጢት ናት። መርሻ በቆሻሻ መጣያዎቹ መሃል እየተሽሎከለከለ፣ ደምሴን በየፎቁ አንድ አንድ ጊዜ እየረገመ ወጣ።

ደምሴ መስኮት ሥር ካለ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ሰውየው አልቋል፤ የሸሚዙ አንገት የሌላ ሰው ይመስላል። ዓይኑ ግን ያው ነው፤ ያ ነገር ሲበላሽ ቀድሞ የሚያይ፣ ሰውን ከጫማው ጀምሮ የሚለካ ዓይን። መርሻ ከሩቅ «እንደምን አደሩ» አለ። ደምሴ አንገቱን ነቀነቀ። አወቀኝ ይሆን? ያውቀኛል፣ አለ መርሻ በልቡ፤ ሰው የገደለውን ይረሳል እንዴ።

ላፕቶፑ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። ናርዶስ የአማርኛ መጻፊያውን ቀድማ ጭናለች። መርሻ ትልቁን ክብ መሰኪያ ወደ ትንሽ ክብ በሚቀይር አንገት አሳነሰው፤ በዚያ ላይ ከሱቁ ያመጣትን አውራ ጣት የምታህል አዳፕተር ደርቦ ላፕቶፑ ላይ ሰካ። ኪቦርዱ ራስ ላይ ያሉት ሦስት መብራቶች አንዴ ብልጭ ብለው ጠፉ። ናርዶስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። መርሻ አንዱን ቁልፍ ተጫነ። ምንም የለም። ሌላውንም፣ ሌላውንም። የላፕቶፑ ሰሌዳ ነጭ እንደሆነ ቀረ።

ያቺ አዳፕተር ሽቦን ከሽቦ የምታገናኝ ባዶ ቱቦ መሆኗን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። በእሷ የሚሠሩ ኪቦርዶች አሉ፤ ይሄም ይሳካልኛል ብሎ ነው የሞከረው። የድሮ ኪቦርድና የዘንድሮ ላፕቶፕ ቋንቋቸው አይገናኝም ብሎ ለልጅቷ አስረዳት። በመካከላቸው አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ሆዱ ውስጥ ቺፕ ያለው፣ ሁለት ጭራ ያለው አዳፕተር አለ፣ እሱን ነው የማመጣው አለ።

ከወንበሩ በኩል ድም የሚል ነገር ተሰማ። ደምሴ በግራ ቡጢው የወንበሩን ክንድ መትቶታል። ዓይኑን መርሻ ላይ ተክሎ ደገመው። ድም።

«ምን ፈልጎ ነው?» አለ መርሻ።

«ማሌሽ፣ አይክፋዎት፤ ሲናደድ እንዲህ ነው» አለች ናርዶስ።

ሲናደድ። ማን ነበር መናደድ ያለበት? መርሻ ደረጃውን ሲወርድ ቡጢው ጆሮው ውስጥ ይጮኻል። ያን ቀን ደምሴ በክፍሉ ፊት መሰኪያውን ከፍ አድርጎ ሲያሳይ ጠረጴዛውን በሌላ እጁ እንዲሁ ይደበድብ ነበር።

ባለ ቺፑን አዳፕተር ፍለጋ አሮጌ ዕቃ የሚሸጥበትን የጁምዓ ገበያ አካለለ። ከተሰበሩ ሬዲዮኖችና ራስ ከሌላቸው አሻንጉሊቶች ሥር አገኘው። ሱቁ ወስዶ በሌላ የድሮ ኪቦርድ ሞከረው፤ እንደ ዝናብ ጻፈለት። ያን ዕለት እራት በልቶ ሳይጨርስ ደምሴ ሲጽፍ በዓይነ ኅሊናው አየው። «በድዬሃለሁ» ካለ በኋላ ምን እንደሚመልስለት ሁሉ አሰናድቶ ነበር። ምንም አይመልስለትም። መሣሪያውን ሰብስቦ፣ ዝም ብሎ መውጣት ነው።

ደምሴ ቤት ወስዶ ሲሰካው መብራቶቹ ብልጭ አሉና ጠፉ። ቁልፍ ተጫነ። ምንም።

መርሻን ላብ አጠመቀው። መሰኪያውን ፈትቶ እያንዳንዱን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቴስተር ለካ፤ አምስቱም ደህና ናቸው። አላመነም፤ ቆርጦ እንደገና በቆርቆሮ በየዳቸው። አሁንም ብልጭ፣ ከዚያ ጭጭ። ምናልባት የላፕቶፑ ጉልበት ለእንዲህ ያለ ከባድ ኪቦርድ አይበቃ ይሆናል ብሎ፣ የራሱ ኤሌክትሪክ ያለው ማከፋፈያ ከሱቅ አምጥቶ በእሱ በኩል ሰካው። ያው ነው። ያ አዳፕተር ትናንት በሌላው ኪቦርድ መሥራቱን በዓይኑ አይቷል፤ እዚህ ቤት ሲገባ እምቢ ይላል። የዚህ ቤት ነገር ሁሉ እሱን ለማዋረድ የተማማለ መሰለው።

ድም፣ ድም፣ ድም ይላል ወንበሩ። ደምሴ በቡጢው ከመታ በኋላ መዳፉን ገልበጥ ያደርጋል። ይመታል፣ ይገለብጣል። ለመርሻ ይህ «ከዚህ ጥፋ» ማለት ነው፤ ዝንብ የሚያባርር ሰው እጅ ነው።

«አንቺ ልጅ» አለ ካጎነበሰበት ሳይነሳ፣ «አባትሽን ዝም አሰኝልኝ።»

ናርዶስ ሻይ የያዘችበትን ሳሕን ቀስ ብላ አስቀመጠች።

«ዝም ብሏል እኮ ጋሼ» አለች።

መርሻ ጆሮው ድረስ ጋለ። ይቅርታ ማለት አማረው፤ ግን ደምሴ ፊት ይቅርታ ከአፉ ሊወጣ አልቻለም። በንዴት ላይ ኀፍረት ሲጨመርበት ንዴቱን ነው የሚያወፍረው። የቀረው አንድ ነገር ነው፣ አለ፤ ኪቦርዱን ከፍቶ ሆዱን ማየት። ለዚያ ደግሞ ይሄ ጨርቅ መተርተር አለበት።

ናርዶስ ኪቦርዱን ከእጁ ነጠቀችው። እናቷ የሰፋችው ነው። የበረሃው ነፋስ ሲነሳ የካይሮ አሸዋ በመስኮት ስንጥቅ ሳይቀር ይገባልና፣ መጽሐፍ እንደሚለበጠው አድርጋ ለባሏ ኪቦርድ ልብስ ሰፋችለት። ያን ከጨረሰች ወዲህ ሌላ ነገር አልሰፋችም፤ መርፌው ከዚያ በኋላ ከእጇ እየወደቀ ተቸገረች። «የእሷን ስፌት አልቀድም» አለች ልጅቷ። «ሌላ ነገር ያድርጉ።»

መርሻ ጨርቁን አየው። ስፌቱ እንደ ጤፍ ደቃቅ ነው። እነዚያ እጆች ናቸው ኮቱን ያራገፉለት። በዚህ ቤት ሰው ነበረ ከተባለ እሷ ነበረች። ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«እኔም አልቀደውም» አለ።

ከዚያ በኋላ የሚያደርገው አልነበረም። ሽቦውን ጠቀለለ፣ ቴስተሩን ላስቲኩ ውስጥ ጣለ፣ ደምሴ ፊት ሄዶ ቆመ። ይህን ለመናገር ደስ ይለኛል ብሎ ነበር፤ አፉ ግን መረረው። የዚያ ሰውዬ ዝምታ ከእንግዲህ የዘለዓለም ነው። «በድዬሃለሁ» የምትለዋም ቃል አብራ ተቀበረች ማለት ነው። ተሰድቦ መቅረቱ ሳያንስ፣ ፒን የማይለይ ሰው መሆኑን ሊያስመሰክር የመጣ ያህል ሆነ።

«ኢንጂነር፣ አልሆነም» አለ። «ኪቦርድዎ ሞቷል።»

ደምሴ አየው። ያ የሚለካ ዓይን ከጫማው ጀምሮ እስከ ግንባሩ ለካው። ከዚያ ግራ እጁን ዘርግቶ የኪቦርዱን ሽቦ ያዘ። እየተንቀጠቀጠ ሳበው። ኪቦርዱ ከናርዶስ እቅፍ ተንሸራቶ ጉልበቱ ላይ ወደቀ። በደረቱ ደግፎ በግንባሩ ደፋው፤ አጎንብሶ አፉን ስፌቱ ላይ አስጠጋ።

ናርዶስ የእናቷን ስፌት የሚስም መሰላትና እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። መርሻም እንደዚያ መስሎት ፊቱን አዞረ። ጧ የሚል ድምፅ ሲሰማ ዘወር አለ። ደምሴ ክሩን በጥርሱ በጥሶታል። ተፋና እንደገና ነከሰ። የቻለውን ያህል ከበጠሰ በኋላ በጥፍሩ ጨርቁን ቧጦ ወደ ኋላ ገለበጠው።

ከኪቦርዱ ሥር፣ ከጥጉ አጠገብ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ትንሽ መስኮት አለች። በውስጧ ወዲያና ወዲህ የምትገፋ ማብሪያ የመሰለች ነገር ተቀምጣለች፤ በአንድ ወገን «X»፣ በሌላው «A» የተጻፈባት። «X» ላይ ናት።

መርሻ የኪቦርዱን በሽታ ያን ጊዜ አወቀ። ያወቀውም በጣም በደንብ ነው፤ ንዴቱ የከፋው ለዚህ ነው። በዚያ ዘመን ከተሠሩት ኪቦርዶች አንዳንዶቹ ለሁለት ትውልድ ኮምፒውተር ያገለግላሉ። ማብሪያዋ ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገሩ ትነግራቸዋለች። ደምሴ ያስተምርበት የነበረው ኮምፒውተር ከአሮጌም አሮጌው ነበርና ለእሱ «X» ላይ እንደተዘጋጀ ጨርቁ ተሰፋበት። አስተርጓሚው አዳፕተር ደግሞ የሚሰማው ታናሹን ቋንቋ ነው፤ ያኛውን አያውቀውም። መርሻ እንዲህ ያሉ ማብሪያዎችን በእጁ ገፍቶ ያውቃል። ጨርቁ ባይኖር በመጀመሪያው ቀን ገልብጦ ባየው ነበር። ሰውየው ያን ሁሉ ጊዜ ሲመታና መዳፉን ሲገለብጥ የነበረው «ገልብጠው» ሲል ነው።

ደምሴ በጥፍሩ ማብሪያዋን ሊገፋ ሞከረ። ጣቱ ዙሪያዋን ይደንሳል እንጂ አያገኛትም። ቀና ብሎ መርሻን ጠበቀው።

ሰው ፊት እንደገና አስተማረኝ፣ አለ መርሻ በልቡ። ምላሱም እጁም ተይዞ፣ በጥርሱ። ትንሿን መፍቻ አወጣና ማብሪያዋን ወደ «A» ገፋት። ቀጭ አለች። ሽቦውን ሰካው። መብራቶቹ ብልጭ ብለው ጠፉ፤ ያው እንደ ቀድሞው። በአንድ ጣቱ ቁልፍ ተጫነ።

ሰሌዳው ላይ አንድ ፊደል ቆመ።

ናርዶስ ጠረጴዛውን ጎትታ ከአባቷ ጉልበት በላይ አደረገችው። ደምሴ ግራ እጁን ቁልፎቹ ላይ አሳረፈ። ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ ቁልፎቹ ግን እስኪጫናቸው ይጠብቁታል። ቀጭ። ከብዙ ቆይታ በኋላ ደግሞ ቀጭ። መርሻ ከወንበሩ ኋላ ሄዶ ቆመ። ልቡ እንደዚያ ወንበር ክንድ ድም ድም ይላል። አሁን ናት።

«ስኳሩ በዛ» ይላል ሰሌዳው።

ናርዶስ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ የሻይ ብርጭቆውን አይታ ሳቋና ልቅሶዋ ባንድ ላይ ፈነዳ። ከፋሲካ ጀምራ ስኳር እየሞጀረች ስታጠጣው ኖራለች፤ አንድ ቀን እንኳ በቃሽ የሚላት አጥታ። ወለል ላይ ተንበርክካ ጉልበቱን አቀፈችው። እሱም በግራ እጁ ጸጉሯን ደባብሶ ወደ ቁልፎቹ ተመለሰ። አሁን ፊቱን ወደ መርሻ አዙሯል።

«ይህ ሰው ማነው» ሲል ጻፈ።

«መርሻ ነው እኮ አባዬ» አለች ናርዶስ ዓይኗን እየጠረገች። «መርሻ ፒን።»

ጣቱ ቁልፎቹ ላይ ተንከራተተ። መርሻ እያንዳንዱን ፊደል ሲወለድ አየው።

«ፒን ለምን አሉት»

መርሻ የዕድሜውን እኩሌታ በዚህ ሰው ላይ ሲናደድ ነው የኖረው። ሌላው ተኝቶ ሲያድር እሱ ከዚህ ሰው ጋር ሲከራከር ነው የሚያነጋው። ሰውየው ግን ጨዋታውን ጨርሶ፣ መሰኪያውን አስቀምጦ፣ በዚያው ቀን ወደ ምሳው ሄዷል።

«ለምን አሉህ ትለኛለህ» አለ። አንቱታው ከአፉ ወድቆ ተሰበረ፤ ሊያነሳውም አልፈለገም። «አንተ አይደለህ ያወጣህልኝ።» ከዚያ ነገረው። ኮቱን፣ ሎሚውን፣ የተጣመመውን ፒን፣ ከፍ ያለውን እጅ፣ ሳቁን፣ ቃል በቃል። ሚስትህ ያሳየችኝን ቸርነት ያህል እንኳ አንተ አላሳየኸኝም ሊል ፈልጎ ቃሉ ተዘበራረቀበት፤ «እሷ ብቻ ነች ሰው» አለ።

ናርዶስ ከወለሉ ተነስታ በመካከላቸው ልትቆም ፈለገች። ደምሴ በክርኑ ገፋ አደረጋት። ረጅም ጊዜ ጻፈ። አንዱን ፊደል ሳተ፣ አጠፋ፣ እንደገና ፈለገ።

«አላስታውስም። ንግግሩ ግን የኔ ነው» ይላል። ከሥሩ ደግሞ፦ «ስለ እሷ እውነትህን ነው። ቁጭ በል።»

«ቁጭ አልልም።»

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

«እንግዲያው ቆመህ ስደበኝ። እሰማለሁ።»

መርሻ «በድዬሃለሁ»ን ነበር የፈለገው፤ ይህን አልተዘጋጀበትም። ግን የተሰናዳ ስድብ አላጣም። ሱቅ ሲከፍት፣ ሱቅ ሲዘጋ፣ ሚክሮባስ ውስጥ ተጣብቆ ቆሞ ሲያሰናዳው የኖረ ነው። ጀመረ። አንተ ግብዝ አለው። ነፃ ትምህርት ብለህ ሰብስበህ መድረክህ አደረግኸን አለው። ዕውቀትህ ልክ እንደ ሽቶ ሰው ካላሸተተልህ የማይረካ ነበር አለው። መኪና ማጠብ ነውር ነው ወይ፣ ያንተ የተከበሩ ጓደኞች በታጠበ መኪና ሲመጡ ማን ያጠበው ይመስልህ ነበር አለው። ስሜን ወሰድክብኝ አለው፤ እናቴ ያወጣችልኝን የሚጠራኝ ሰው የለም። በዚህ ላይ ድምፁ ሊሰበር ሲል ጮክ አድርጎ አዳነው። ናርዶስ በሩን ይዛ ቆማለች፤ ጎረቤት እንዳይሰማ ይሁን እሱ እንዳይወጣ አልታወቀም። ደምሴ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ያ የሚለካ ዓይኑ እየከበደው፣ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። አንድ ጊዜ ብቻ አንገቱን ወደ ጎን ወዘወዘ፤ መርሻ አጋንኖ የተናገረው ነገር ነበር፤ ራሱም ያውቀዋል፤ አለፈው።

ትንፋሽ ሊወስድ ሲያርፍ ቁልፎቹ ተንጫጩ።

«ጨረስክ?»

«አልጨረስኩም።»

«ደክሞኛል። ነገ ና» ሲል ጻፈ። እጁን ጉልበቱ ላይ ጣለ፤ ትንሽ ቆይቶ መልሶ አነሳውና ጨመረበት፦ «መርሻ»።

«አልመጣም» አለ መርሻ። ላስቲኩን አንስቶ ወጣ። በኋላ ደረጃ አልወረደም፤ አሳንሰር ገባ። በዋቡ ሲያየው ከወንበሩ ብድግ አለና ያ ኡስታ ብሎ ጀመረ። የመርሻን ዓይን አይቶ ግን አፉን ዘጋ።

ሚክሮባሱ ውስጥ መስኮቱን ተደግፎ ቆሞ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። አጠገቡ ያለች ሴትዮ ቦርሳዋን ሰብሰብ አደረገች። ስለ ለቅሶው አልተናገረም። ወለተ ሥላሴን እንዳይቀብር እንዳደረገው ገና አልነገረውም። ይህ ብቻ አንድ ቀን ይፈጃል። ይህን ካለው በኋላ ደምሴ ምን ይጽፋል? «አላስታውስም» ማለት አይችልም፤ ሚስቱ ናት። ምን ይላል?

አዳፕተሩን አሰበው። ከአሮጌ ዕቃ ሥር የወጣ ነው፤ ቺፑ ስንት ጊዜ በሙቀት እንደተቀቀለ ማን ያውቃል። ነገ ደምሴ ሊመልስለት ሲል፣ ልክ በዋናው ቃል መሃል፣ መብራቱ ብልጭ ብሎ ቢጠፋስ? ያ ሰውዬ እንደገና ዝም ቢልበትስ?

«እዚህ ጋ ያ ኡስታ» ብሎ ሾፌሩን አስቆመ፤ ጎዳና ተሻግሮ ወደ ገበያው አቅጣጫ ዞረ። ተጠባባቂ አዳፕተር ይገዛል። እንደ ተናደደ፣ በፈጠነ እርምጃ፣ ስድቡን እያሰናዳ ሄደ።